በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መናማ፣ ጉደይቢያ፣
ከላውንደሪው በላይ፣ በኑሪያ ማደሪያ፣
ኤሲው ሲያንጠባጥብ ባልዲ ደቅነንለት፣
አርባ አንድ ሰው ሆነን እድር ተቀመጥንበት።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የመረጡኝ ያኔ
እጅ ጽሑፌ አምሮ እንጂ፣ አይደለም በወኔ።
የተባለው ሁሉ መዝገብ ላይ የለም፤
ወረቀት ሆድ የለው፣ ሁሉን አይችልም።

አጀንዳ አንድ፦ ዕዳ።
አስካልን በሣጥን አገር የሸኘንበት፣
ስድስት መቶ ዲናር፣ ለካርጎው ወኪል ቃል የገባንበት፣
ዛሬም አልተከፈለ።
ሊቀመንበራችን «ይከፈላል» አለ።
«ይከፈላል» ካለ ሁለት ዓመት ሞላው፤
አድራጊ የሌለው ግሥ፣ ማን ይሆን የሚከፍለው?

«ሰውዬው ይውረድ!» አለች ትርሲት፣ በሩ ሥር ቆማ።
ሙሉሰው ተቆጣ፣ ሳትጨርስ ሰማ፦
«ቤት እያፈሰሰ ጣሪያ ይነሣል ወይ?»
«እዚህ አገር ደግሞ መች ዘንቦ ያውቅና ነው!» አለ አንዱ፣ ሣቅን።
እውነቱን ልናገር፦ ጌጤነህ አይዋሽም።
አስካል ስታጣጥር፣ በሆስፒታሉ በር፣
በቦቴ መኪናው ውስጥ ሦስት ሌሊት ያደረ እሱ ብቻ ነበር።
ግን ደግ ሰው ሁሉ ሒሳብ አያውቅም።

አጀንዳ ሁለት፦ ምርጫ።
«እጅ እናውጣ» ሲባል «የለም» አለች ሌንሳ፣
«ያበደረኝ ሰው ፊት እጄ መች ሊነሣ?»
ተስማማን፦ በየተራ ወጥ ቤት እየገቡ
ቴርሞስ ውስጥ ይጨምሩ፣ ማንም ሳያይ ልቡን፤
የቴምር ፍሬ ለጌጤ፣ ሽምብራ ለትርሲት።

«ዓርብ የሌላቸውስ?» አልኩኝ፣ ቀስ ብዬ።
አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ከነጭራሹ ዓርብ የላቸውም።
ሙሉሰው ደንብ ገለጠ፦ «ያልመጣ አይመርጥም።»
«በየወሩ ሁለት ዲናር ሲልኩልን መጥተው ነበር?» አለች ትርሲት።
ገንዘባቸው ሲገባ በር አልተዘጋበት፤
ድምፃቸው ሲመጣ ነው ቁልፍ የሚጠፋበት።

ከዚያ ያልተያዘ አጀንዳ ሳይጠራ ገባ፦
ጦርነቱ።
አንዱ «ከእድሩ ብር ለግንባር እናዋጣ» አለ።
ባልዲው ውስጥ የሚወርደው ጠብታ ተሰማ።
አንጓችና ለተብርሃን አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት፤
አንድ ቻርጀር አላቸው፣ በተራ የሚሰኩት።
የአንዷ ወንድም ከወዲያ፣ የሌላዋ ከወዲህ፤
በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሁለቱም አያውቁም።
«እድር መቅበሪያ ነው» አለች አንጓች፣ «መግደያ አይደለም።»
ለተብርሃን ምንም አልተናገረች።
ተነሥታ ከግድግዳው የራሷን ስልክ ነቀለች፣
የአንጓችን ሰካች።
ይህን አልመዘገብኩም። በየትኛው አጀንዳ?

ቆጠራ ልንጀምር ስልኬ ተንቀጠቀጠ።
ዘሃራ ናት፣ ከሪፋ፤
ከመታጠቢያ ቤት፣ ቧንቧውን ከፍታ፣
ውሃው እንዲጋርዳት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«እኔም አለሁ እኮ... ድምፄን ጻፊልኝ።»
«ለማን?» አልኳት።
ውሃው ቆመ። ስልኩም ተዘጋ።

«አይቆጠርም!» አለ ሙሉሰው፣ «ለማንም አላለች።»
ጌጤነህ ግን ቴርሞሱን እንደታቀፈ
«ጻፊያት» አለኝ። «ለእኔም አይደል፣ ለእሷም አይደል። ጻፊያት።»

ገለበጥነው ምንጣፉ ላይ።
ሽምብራ ሃያ ሁለት፣ ቴምር አሥራ ስምንት፣
አንድ ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ።
ቁልፉን ማን እንደጣለው ሁሉም ሁሉን ጠረጠረ፤
የትኛውን በር ሊከፍት እንደነበር ግን ማንም አልጠየቀ።

ትርሲት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤
«ዕዳውስ?» ቢሏት
«ይከፈላል» አለች።
ከሁላችን ይልቅ የሣቀው ጌጤነህ ነበር፣
እስኪያለቅስ ድረስ።

ማታ ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ስገለብጥ
አርባ አንድ ስም ጻፍኩና፣ ከሥሩ አሰመርኩ።
ከመስመሩ በታች፦ «አርባ ሁለት፣ ዘሃራ፣ ሪፋ።»
«የተሰጠው ለ» ከሚለው ፊት ለፊት
እስክሪብቶዬ ቆየ፣ ቆየና ደረቀ፤
ክፍቱን ቦታ ክፍት ተውኩት።