ልቀቂው

ታሪፋ ዳርቻ፣ ሌቫንቴ ሲመጣ
ነፋስ አይነፍስም፤ ይማታል በቁጣ፤
ደግሞ ዝም ይላል፣ ገመዱ ይላላል፣
ካይቴ እንደ ፌስታል ውሃ ላይ ይጣላል።

ኩሮ እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ቆሞ፣
ድንጋይ በሰበረው ትከሻው አዘምሞ፦
«ያን ጥቁር ውሃ እዪ፣ ሽብሽብ የሚለውን፤
ከመድረሱ በፊት አላልቺው ዘንጉን።
እጅሽ ሲፈራ፣ ጨብጪ ይልሻል፤
ከጨበጥሽ ግን ሰማይ ያወጣሻል።»

ልክ ነበር። ጥቁሩ መጣና መታኝ፣
ጣቴ ዘንጉን ሳበ፤ ከአሸዋው ነቀለኝ።

«ልቀቂው!» አለ ኩሮ፣ «ልቀቂው፣ አንቺ ልጅ!
ክፉው ነፋስ አይደል፣ የሚፈራው እጅ!»

ለቀቅሁት።
ጸጥ አለ። ከማዶ ሞሮኮ
ተራራዋ ታየኝ፤ ቅርብ ኖራለች እኮ።

ወደ ኋላ ብዞር፣ ያ «ልቀቂ» ባዩ
ቀበቶዬን ጨብጧል፣ የጣቱ አጥንቶች እስኪታዩ።