ሰባት ኪሎ ተኩል

ስድስት ዓመት ሙሉ ቡሬ መጋዘን ላይ
የበቆሎ ኩንታል ሲወጣ ሲወርድ ሳይ፣
የሽንዲው አያ አንማው ስለ ታማኝነቴ
«አንጓች ከመዘነች ምን ያደርጋል ሁለቴ»
ይል ነበር፣ ጆንያውን በጉልበቱ ደግፎ፣
መርፌውን ሳያየው በአጠገቤ አልፎ።

ከዚያ ይዝና መጣች።

ባለቤቴ ይርሳው እዚያው ግዢ ክፍል፣
ልጅቱ የሁለታችን፣ ምጡን ትተን፣ እኩል።
ለሱ እድገት መጣ፣ ደመወዝ ጨምሮ፣
«አባወራ ሆኗል፣ ይከብደዋል ኑሮ»።
ያችው ልጅ በኔ በኩል ዞራ ስትታይ
«ቀሪ» ሆና ተጻፈች፣ መዝገቤ ላይ፣ በቀይ።

አራት ወር አለቀ። ጡት ሰዓት አያውቅም፣
የዘበኛው ደወልም «ጠባች ወይ» አይልም።
እናቴ አርፋለች፤ አማቴ ደንበጫ ናት፣
ቁርጥማት ይዟታል፣ ነጠላም ከበዳት።
ጎረቤቴ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ያዘችልኝ፣
በሦስተኛው ማለዳ በሯን ዘግታ ጠበቀችኝ።
«ተራ እንግባ» ብለው ይርሳውን አንድ ሌሊት፣
«ሰው ምን ይላል» ብሎ ሰጠኝ ጀርባውን እንደ ፊት።

ደላላ አመጣልኝ፤ ትሁኔ ነው ስሟ፣
ዐሥራ ሦስት ሊሞላት፣ አንድ ፌስታል ሸክሟ።
ከፌስታሉ ውስጥ ደብተር፣ ገጹ የታጠፈ፣
ማባዣው ሰባት ላይ ደርሶ ያላለፈ።
«ሰባት ጊዜ ስምንት?» አለችኝ አንድ ማታ
ልጄን በጀርባዋ ወዝውዛ አስተኝታ።
ሃምሳ ስድስት አልኳት፤ ድምፄ ሆነ ባዳ።
ሚዛን ለምጃለሁ፣ ይገባኛል ዕዳ፤
የኔን ወንበር ይዤ ቡሬ ስቀመጥ
የሷ ባዶ ቀርቷል ገጠር ክፍል ውስጥ።

በመስከረም ሸኘኋት፣ ደብተር እርሳስ ገዝቼ።
ደግነት አትበሉት።
የበላሁትን ዓመት ከየት ልክፈል አምጥቼ?

በማግስቱ ይዝናን አዝዬ ገባሁ።
ወረፋው አጭር ነው፣ ያምና በቆሎ ነው። ሚዛኑን አጸዳሁ፣
ነጠላዬን አነጠፍኩ፣ አስተኛኋት ከላዩ፣
አለቃችን ወርቅነህ ከደጅ ቆመው እያዩ።
መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ ቆየ፣ ከዚያ ረጋ፤
ጻፍኩት እንደ ወጉ፣ ቀኑን ከነዋጋ፦
ሰባት ኪሎ ተኩል።
«ዋጋ» ከሚለው ስር ሰረዝ አደረግሁ፤
«አስረካቢ» ከሚለው ስሜን አሰፈርሁ፤
«ተረካቢ» ከሚለው
እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

ጫኞቹ ቆመዋል። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ይርሳው በመስኮት ቀና ብሎ አየን፣
ደግሞ አቀረቀረ።

ከሰልፉ መሐል ግን አያ አንማው ጆንያውን አወረደና፣
«አንጓቼ» አለ፣ «ይችንስ ድገሚያት፣
እነዚህ ሰዎች ገና በደንብ አላዩዋት»።