ሁለት ቁልፍ

«ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይመጣሉ» ብለው ደወሉልን፣
የቤት ቁጥራችንን፣ የሁለታችንን ስም፣ አነበቡልን።
አዛናው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደው፤
ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሲፈራ ያየሁት በእሱ ነው።

ያባቱ ሁለት አፍ፣ ሰደፉ የነቃ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአልጋችን ራስጌ ሲተኛ ሲነቃ፣
አሁን እንደ ልጅ ይመዝገብ፣ ፎቶ ይነሳ ተባለ፤
ማመልከቻው ላይ «ለምን ፈለጉት?» የሚል አንድ መስመር አለ።
«ከርከሮ» አለ ባሌ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የእሱ እጅ ሲንቀጠቀጥ፤
ደንቢያ ጥግ ያለችው በቆሏችን ስንት ሌሊት አደረች ስትናጥ።

ረቡዕ ዕለት ወርዶ ቅዳሜ ገበያ
የጓዴን ሣጥን አመጣ፣ ብረቱ ወፍራም፣ ዋጋው የወይፈን እኩያ።
ባጃጁ አዘዞ ሲገባ ሰፈሩ በር በሩ ላይ ቆመ፤
እትዬ ስንዱ «ሎተሪ ወጣላችሁ?» አለች፤
ባሌ መልስ አልሰጠም፣ ሣጥኑን ተሸከመ።
ግድግዳው ተበሳ፣ አራት ቡሎን ገባ፣ ሲሚንቶ ተሞላ፤
አንድ ቁልፍ ለጠመንጃው፣ ለጥይቱ ሌላ።

ከተሰቀለበት ሲወርድ ቦታው በቅርጹ ነጥቶ ቀረ፤
ኖራ ቀባሁት፤ ደርቆ ሳየው እንደነበር ነበረ።
ደግሜ ቀባሁት።

ባሌ ብቻውን ሲለማመድ ከጓዳ እሰማለሁ፦
«የት ያስቀምጡታል?» «ከሣጥኑ።» «ቁልፉንስ?» «እኔው እይዛለሁ።»
«ይጠጣሉ ወይ?» ሲል ራሱን ጠየቀ፤
«ለበዓል ብቻ» አለ፤ ቆይቶ «ለበዓልና ለሠርግ» ብሎ አቃና፣ ጥቂትም ሳቀ።
እኔ ምንጣፍ አራገፍኩ፣ ደረሰኙን በፕላስቲክ ከተትኩ፣
የልጆቹን ጫማ ሳይቀር ጥንድ ጥንዱን አስተካከልኩ።
«አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም፤
እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ሁለት ሆነው መጡ። ወንዱ ቡሎኑን ነቀነቀ፣
ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያየ፤
«ጥሩ ነው» ሲል ባሌ በነጠላው ላቡን አደረቀ።
ሴቲቱ ሳጅን ትርንጎ፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣
«የጓሮሽን ጎመን አሳይኝ» አለችኝ፤ ጓሯችን ጎመን የለ።
ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆመን፣ ደብተሯን ሳትገልጥ፣
«ሲቆጣ ምን ያደርጋል?» አለች፣ ዓይኔን ሳታስመልጥ።

ለዚህ አልተሰናዳንም።
ለዚህ ኖራም፣ ቡሎንም፣ ደረሰኝም የለንም።

ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ይህም ይጻፍልኝ።
ግን አምና፣ ወንድሙ ይርዳው ወሰን የገፋ ሰሞን፣ አንድ ሌሊት አልነጋ ያለኝ፣
በጨለማ ተነስቶ ግድግዳውን ሲዳብስ ሰማሁት፤
አወረደው፣ ከፈተው፣ ጣቱን አስገባ፤ ጥይት አጣበት።
ጥይቱ ምስር ውስጥ ነበር፣ ከማድጋው ግርጌ፣
የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ ወሰኑ በተነካ ማግሥት፣ በዚሁ እጄ።
ተመልሶ ተኛ። ጀርባውን ሰጠኝ።
«የት አደረግሽው?» ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝ።

ገመዱ ላይ ያለው አንሶላ ነፋስ ሞልቶት ሲወጠር ሲረግብ
ሳጅኗ ጠበቀችኝ፣ ሰው ዝናብ እንደሚጠብቅ፣ ሳትጣደፍ ሳትጠብብ።
«ይቆጣል» አልኳት። «ጥይቱን ግን እኔ ልያዘው።»
ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም፤
ስክሪብቶዋ ግን ከቃሌ ይልቅ ረጅም መንገድ ነው የሄደው።

ሲሸኛቸው ምን እንዳሉት አላወቅሁም። ማታ መብራት ሳይጠፋ
ትንሿን ቁልፍ ከመዳፌ አኖራት፤ ቃልም አልተነፈሰ፣ ፊቱም አልከፋ።
ምስሩን በነጋታው ቀቀልኩት።

ፈቃዱ ገና አልመጣም። ከርከሮው ግን መጥቷል፣ ሁለቴ።
ቁልፏን ከማተቤ ጋር አስሬያታለሁ፤
ሌሊት ስገላበጥ ትቀዘቅዛለች፣ ደረቴ ላይ፣ እዚህ፣ ከአጥንቴ።