የደከመ አፈር

ቤቱን ስገዛው፣ ውሉ ላይ ያልሰፈረ
ሁለት ጽጌረዳ ከጡቡ ጋር ነበረ፤
አንዱ ከበሩ ግራ፣ አንዱ ከመስኮቱ በቀኝ።
ሻጩ ሽማግሌ ቁልፉን ሲያቀብለኝ
«እነሱን አደራ» ብቻ ነበር ያለኝ።

ኤምሪስ ይባላል። ዛሬ የሚኖረው
ከኮረብታው ማዶ ባለው መጦሪያ ነው።
በየሰኔ ወሩ ካርድ ይልክልኛል፣
በሚንቀጠቀጥ ጽሑፍ «አበቡ?» ይለኛል።
«አበቡ» እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤
ስንት እንደ ሆኑ ግን ጽፌለት አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ይወጣል፣
ግንቦት ጥቁር ነቁጥ እንደ ቀለም ጠብታ ያርፍበታል፣
ሰኔ ዳር ዳሩን ቢጫ ይከበዋል፣
ሐምሌ ረግፎ መሬቱን ያለብሰዋል።
ገልብጬ ሳየው ዋጉም አለ ደግሞ፣
ብርቱካናማ ዱቄት ከቅጠል ጀርባ ታትሞ።
ረጨሁ። ከረከምኩ። የረገፈውን ለቅሜ አቃጠልኩ።
ነጭ ሽንኩርት ቀቅዬ፣ ወተት በጥብጬ፣
የጎረቤት ምክር አንድ ሳይቀር ሞከርኩ።
ከዝናብ ጋር ሙግት ማን ገጥሞ ይረታል?
በዌልስ ሸለቆ ሰማይ መቼ ወር ይመርጣል?

ዘንድሮ በጥቅምት፣ የተማሪ አውቶቡስ በማልነዳበት ቅዳሜ፣
ጓንቴን እስከ ክርኔ፣ መጋዜን ይዤ ቆሜ
«ይቅርታ» አልኩ። ለማን እንደ ሆነ እንጃ።
ሽቦውን ፈታሁት። እሾሁ ሹራቤን ያዘኝ፣
እንደማይለቅ ሕፃን ወደ ኋላ ጎተተኝ።
ስሩ የጭኔን ያህል፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣
በሁለተኛው ምሽት «ቋ» ብሎ ለቀቀኝ።

በሳምንቱ እሑድ ወደ መጦሪያው ሄድኩ፤
ብስኩት ይዤ፣ ቃል ግን ሳላዘጋጅ ደረስኩ።
«ነቀልኳቸው፣ ኤምሪስ» አልኩት። ዝም አለ።
ሻዩ ውስጥ ያቆየው ብስኩት ራሰ፣ ተንጠለጠለ፣
ወደቀ።
«አፈሩንስ» አለኝ፣ «አፈሩን ቀየርሽ?
እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ጽጌረዳ ተክለሽ
እንዳትሸወጂ። መሬቱ ደክሟል፤
ጽጌረዳ ጠግቧል፤
ጤነኛም ብትሰጪው እንደ አሮጌው ያሳምመዋል።
ካርቶን ቅበሪበት፣ ከሌላ ቦታ አፈር ሙዪ፤
ካርቶኑ እስኪበሰብስ ስሩ ጉልበት ያገኛል፣ ታዪ።»

ከዚያ ስኒውን አስቀመጠ።

«ከአሥር ዓመት በፊት መንቀል ነበረብኝ።
ሚስቴ ግዌንሊያን ናት እጄን የያዘችኝ።
መስኮት ከፍታ ሰላም ሳትላቸው ቁርስ አትቀምስም ነበር፤
እኔ ጎሕ ሲቀድ፣ በካልሲዬ ብቻ፣ በዚያ በርጥብ ሣር፣
ነቁጥ የያዘውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅሜ፣
የኮት ኪሴን ሞልቼ፣ መንቃቷን ቀድሜ
ወንዝ ዳር እደፋለሁ። ‹ዘንድሮስ ሳሱ› ትላለች።
‹ከረከምኳቸው› እላታለሁ። ታምናለች።
ወይም ያመነች መስላ መጋረጃ ትስባለች።»

አፈሩን በጋሪ አወጣሁ፣ አንድ ክንድ ተኩል።
ከበሩ ግራ፣ ሙዝ በመጣበት ካርቶን መሃል፣
ዋግ ይችላል የተባለ ጽጌረዳ አኖርኩ።
በቀኙ ጉድጓድ፣ መሬቱ ይረፍ ብዬ፣ አደንጓሬ ዘራሁ፤
በአሮጌው ሽቦ ላይ በሰኔ እየተጠማዘዘ ሲወጣ አየሁ።

ካርዱ በሰዓቱ መጣ። «አበቡ?» ይላል።
እስከ ነሐሴ ድረስ መሳቢያ ውስጥ ቆይቷል።
ከዚያ ጻፍኩ፦
«አንዱ አምስት አበባ። ሁለት ቅጠሉ ላይ ነቁጥ አይቻለሁ።
ሌላውን ደግሞ፣ ኤምሪስ፣
በቅቤና በጨው ቀቅዬ በልቼዋለሁ።»