ሞላ ጎደለ

ያልጎት ጀልባ ቤት ሣር ውስጥ ነው የቆመው፤
አባቱ ሲያቆመው
ማዕበል ነበረ ደፉን የሚስመው።
ዛሬ ከበሩ እስከ ውኃው አፍ ድረስ
መቶ አሥር ርምጃ ነው፣ ጉልበት ካላነሰ።

«ባሕሩ ጎደለ» ይላል ያገሩ ሰው ሁላ።
ባሕሩ የት ሄደ? መሬቱ ነው ሞላ፤
ያ የበረዶ ክምር፣ ተራራ የሚያህለው፣
ጀርባው ላይ ተኝቶ ሺህ ዘመን ያጎበጠው፣
ቀልጦ ከወረደ አሥር ሺህ ዓመት አልፎት
ገና እየተቃና ነው፣ በዓመት ያንድ ጥፍር ስፋት።

ሲግኔ ቫሳ ላይ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
መሬትን በመረብ ከትፋ ታሰላለች፤
ላንዷ ላንዷ ቁራጭ አንድ ሞላ ሰጠች፣
ጫናው ሲነሣለት ወዲያው የሚመለስ፤
ካጠገቡም ፒስተን፣ ወፍራም ዘይት ውስጥ
እያመነታ የሚደርስ።
መጀመሪያ ለሁሉም አንድ ቍጥር ነበር፤
ከሰሜን እስከ ደቡብ ያው ማር በያው ማሰሮ።
ሥዕሉም ያምር ነበር።
አልጎት ደጃፍ ያለው፣ አለቱ ላይ የተቆረጠው ምልክት ብቻ
ሁለት ሚሊሜትር እምቢ አላት፤
የምስር ክክ ውፍረት።

በጥቅምት ሄደች። ዓሣ ሲጠርብ ደረሰች።
«አለቱ አይዋሽም፣ ያባቴም መሮ» አላት።
ከዚያ፣ ሳትጠይቀው፣ ስለ ኤድላ አወራት፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጋ የያዘች ሚስቱን
በየሌሊቱ ተነሥቶ፣ ጎኗ እንዳይቆስል፣ ሲያገላብጣት።
«ከቀበርኳት ሦስት ዓመት።
እጄ ቶሎ ለመደ፤ አንድ ሳህን ማጠብ
ሳምንትም አልፈጀበት።
ጀርባዬ ግን አልሰማም።
ዛሬም ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን ይነቃል፣
ላገላብጣት ብሎ።»
ቢላዋውን ጠረገ። ሌላ ዓሣ አነሣ።

ሲግኔ ተመልሳ ያን አንድ ቍጥር ሰረዘች።
በምሥራቅ በኩል ጠጣር፣ ግትር አደረገች፣
ወደ ኖርዌይ ጠረፍ እንደ ቀለጠ ቅቤ ላላ፣
በመሐል ደግሞ ሌላ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፤
ለየቁራጩ የራሱ ትዝታ፣ የራሱ መዘግየት።
ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ሌሊት አቃሰተ።
ከክኩ ግማሹ ጠፋ።
ግማሹ አሁንም አለ፤
ስም አላወጣችለትም።

በረዶው ሲለቅ አልጎት
መቆሚያ ድልድዩ ጫፍ ላይ አራት ሜትር ሳንቃ ቀጠለ፤
«ስንት ዓመት ያቆየኛል?» ብሎ በስልክ ጠየቀ።
«ሰባት» አለች።
«ይበቃል።»
መዶሻውን አኖረ፣ ወገቡን በእጁ ደገፈ፤
ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየና
ቀስ፣ ቀስ ብሎ ቀና አለ።