ያደረ መልስ

ከኮዬ ፈጬ ጫፍ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ጤና ጣቢያ አለን፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ሰርቨር ያለበት፤
የኔ ሥራ እሱ ነው። ሌሊት እጠብቀዋለሁ፤
ሲያጉረመርም እሰማለሁ፣ ዝም ሲል እነቃለሁ።

ኮምፒውተር ቁጥር እንጂ ስም አያውቅም ጨርሶ፤
«ላብራቶሪ» ባልኩት ቁጥር፣ መሀል ከተማ ገስግሶ
«ቤቱ የት ነው?» ይላል፣ እዚያ ያለውን ስም አዋቂ፤
ነርሷም አንድ ቁልፍ ተጭና፣ እሷም መልስ ጠባቂ፤
ሻይዋ ይቀዘቅዛል፣ ወረፋው ይረዝማል፣
መብራት ብልጭ ካለ ደግሞ፣ ጥያቄው መንገድ ይቀራል።

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ትንሽ ማስታወሻ ሰጠሁት፤
«አንዴ የጠየቅከውን ያዘው፣ ደግመህ አትሂድ» አልኩት።
ያዘ።
ካሽ ይሉታል ባለሙያዎቹ። እኔ ግን የማውቀው
በጋሽ ቱፋ ነው።

ጋሽ ቱፋ የግቢያችን ዘበኛ፣ ደብተር የለው እስክሪብቶ፣
የስድስት መቶ አባወራ በር፣ በጭንቅላቱ ከትቶ፣
«አስካለ?» ስትለው «ብሎክ ዘጠኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ»፤
ኮሚቴ ቢሮ ሳትሄድ፣ ሳትለፋ፣ ሳትጣራ።

ሰው ግን ቤት ይለቃል። ዕቃው በአይሱዙ ይጫናል፤
ጋሽ ቱፋ ዘንድ ያው የድሮው ሰው፣ በድሮው ቤት ይኖራል፤
«ብሎክ ዘጠኝ» ይልሃል፣ ሳይጠራጠር፣ እንደ ጥንቱ፤
አንኳኩተህ ትመለሳለህ፤ ሌላ ሰው ነው ባለቤቱ።

ይሄስ ቀላል ነው። ያንኳኳ ሰው ስህተቱን ያያል።
«የለም» ብሎ ያደረን መልስ ግን፣ ማን አንኳኩቶ ይፈትሸዋል?

መጋቢት ላይ አንድ ጎልማሳ፣ ከወሊሶ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣
«ትርንጎ የምትባል እህቴን» አለ፣ በሩ ጋ ቆሞ።
ኮሚቴው ተጠየቀ። «የለችም» ተባለ፤
እውነት ነበር፤ ገና አልገባችም፣ ስሟ መዝገብ ላይ የለ።
በነጋታው ገባች፣ ፍራሿን በጋሪ አስጭና።
ጎልማሳው በሳምንቱ መጣ፣ ያንኑ ጆንያ ይዞ እንደገና፤
«ጠይቄ ነበር፤ የለችም» አለው ጋሽ ቱፋ ቶሎ።
ፈጣን ነበር መልሱ።
ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትርንጎ ልብስ ታሰጣለች፤
የቃሊቲ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው፣ ጀርባውን ብቻ ታያለች።

ትናንት የኔም ሰርቨር እንዲሁ አደረገ፤
አዲሱ መድኃኒት ቤት ሳይመዘገብ፣ ቀድሞ ስሙን ፈለገ፤
«የለም» ተባለ። ያዘው። ስሙ ከገባም በኋላ
ቀኑን ሙሉ «የለም፣ የለም»፤
ትኩሳት ያለበት ሕፃን አግዳሚው ላይ፣
ሽሮፑ ከግድግዳው ማዶ፣ መደርደሪያ ላይ።

ማታ ገብቼ ያስታወሰውን ሁሉ አጠብኩ፤
ከዚያም ማዋቀሪያው ፋይል ላይ፣ ሁለት ቁጥር ለወጥኩ፦
ለ«አለ» አንድ ሰዓት።
ለ«የለም» ሃያ ሰከንድ፤ ከዚያ በላይ አልጨመርኩለት።

ጠዋት ስመለስ ጋሽ ቱፋ በሩ ላይ፣ ካፖርቱን ጠቅልሎ፤
ስለ ትርንጎ ወንድም ልነግረው ስል፣ ቀደመኝ «ሰማሁ» ብሎ።
ከኪሱ የካርቶን ቅዳጅ አወጣ፣ ስልክ ቁጥር ያለበት፤
«ያኔ ትቶት ነበር» አለ፤ «ዓይኔ አያነብም፣ ደውልለት።»
ደወልኩ። የታወቀችው ሴትዮ ድምፅ መለሰች።
«ምን አለ?»
«አሁን አይገኝም» አልኩ፣ «አሁን»ን ጫን ብዬ።
ሃያ ሰከንድ ቆጠርን፣ እሱም እኔም፣ በየልባችን።
ደግሜ ደወልኩ።