ተያዥ

የወሊድ ፈቃዴ ሰኞ ይጠናቀቃል፤
የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል «ተረኛ ነሽ» ብሏል።
እሱባለው ልጄ፣ አራት ወር የሞላው፣
ራሱን መሸከም ትናንት የገባው፣
አባቱ ቀያሽ ነው፣ ሽንዲ ነው የሚያድር፣
በወር ሁለት ጊዜ አቧራውን ይዞ ደጄን የሚሻገር።
እናቴ ደንበጫ፣ ወገቧ ታሞባት፣
«እኔን ተዪኝ ልጄ፣ ሰው ፈልጊ» አለችኝ በስልክ ስነግራት።

ደላላው ቢያድግልኝ፣ ከመነኻሪያው በር
በፕላስቲክ ወንበር፣
ስልኩን በጆሮና በትከሻው መሃል ቆልፎ ሲናገር፣
«እህቴ፣ አታስቢ፤ ሦስት እልክልሻለሁ፣
ካልወደድሻቸውም ሌላ እቀይራለሁ»
አለኝ፤ ሴት ልጅ እንደ ጫማ
የምትለወጥ ይመስል ከእግር ካልተስማማ።

አንድ ደብተር ገዛሁ። ሌሊቱን ሳጠባ
ጥያቄ ጻፍኩበት፣ እንቅልፍ ዓይኔ ሳይገባ፦
«ትኩሳት ቢይዘው ማንን ትጠሪያለሽ?
ሲያለቅስ ዝም ባይል ምን ታደርጊያለሽ?
ከዚህ በፊት የት ሠራሽ? ለምንስ ነው የወጣሽ?»
ከሁሉም በታች፣ በቀይ፣ ሁለቴ ተሰምሮ፦ «ተያዥ አለሽ?»

ፈንታነሽ ቀድማ መጣች። ባሕር ዳር የሠራች፣
ሶፋዬን በመዳፏ ዳሰስ ያደረገች።
«ዋይፋይ አላችሁ?» አለች።
«እሑድ አልሠራም እኔ፤ ዳይፐር ነው ወይስ ጨርቅ?
ጨርቅ ከሆነ ብር ይጨመር፤ ይሄ ነው የሚያስታርቅ።»
እውነቷን ነው፤ የጉልበቷን ዋጋ ታውቃለች፤
ግን በተቀመጠችበት ግማሽ ሰዓት አንዴም ልጄን አላየች።

ቀጥላ አትጠገብ። «ዕድሜሽ?» «አሥራ ስምንት»
ብላ መለሰች ቶሎ፣ የተጠና ጸሎት።
መዳፏ ላይ ግን አለ የብዕር ቀለም፣
የሰባተኛ ክፍል፣ ታጥቦ ያልለቀቀም።
«ሒሳብ ትወጃለሽ?» ስላት ፊቷ በራ፤
ደላላው ያስጠናትን ሁሉ ረስታ፣ ስለ ክፍልፋይ፣ ስለ መምህሯ፣ ተራ በተራ።
ሻይ በዳቦ አበላሁ፤ የመሳፈሪያ ሰጥቼ
ሸኘኋት መነኻሪያ፣ ልጄን አዝዬ ወጥቼ።
ቤቷ ትግባ፣ ወይ ሌላ ደላላ ይውሰዳት፣
አላውቅም። ዘወር ብዬ ሁለተኛ አላየኋት።

ሦስተኛዋ ይርገዱ፣ ሲመሽ፣ ዝናብ መቷት፣
ከቋሪት የመጣች፣ ሠላሳ የሚሆናት።
ጫማዋን በር ላይ ጣለች፣ ምንጣፉን ፈርታ፤
ሳልነግራት እጇን ታጠበች፣ ሳሙናውን ፈልጋ አግኝታ።
ስለ ትኩሳት ጠየቅኩ፣ ስለ ለቅሶ፤
ስትመልስ አጭር አጭር፣ ዓይኗ ግን ወደ አልጋው ተመልሶ ተመልሶ።
«ልጅ አለሽ?» አልኳት። «አለኝ።
አያቱ ናት የያዘችልኝ።
‹እማ› የሚለው እሷን ነው፤ እኔንማ በስልክ ‹አክስቴ› አለኝ።»

ብዕሬ ቆመ። ወደ ቀዩ ወረድኩ፤
«ተያዥስ አለሽ?» አልኩ።

ዝም አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወግረው፣
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ነው የመለሰችው፦
«የቀበሌ ወረቀት አለኝ። ሰው ግን የለኝም፣ እትዬ።
ያለፈው ቤት ተያዥ ነበረኝ፤ የአምስት ወር ደሞዝ ተከልክዬ
በሌሊት ነው የወጣሁ።
እኔ ባጠፋ፣ እርስዎ ተያዤን ይይዛሉ፤
እርስዎ ቢያጠፉስ፣ እትዬ፣
እኔ ማንን ልያዝ?»

ደብተሩ ላይ ለዚህ መስመር አልነበረም።
ነርስ ነኝ፤ የጠፋ ደም ስር በጨለማ አገኛለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁም።

ልጄ ነቃ፣ አለቀሰ። ዘላ አልተነሳች፤
«ላንሳው?» ብላ በዓይኗ ፈቃድ ጠየቀች።
አነሳችው። እሹሩሩም አላለች፤
«ግራ ጆሮውን ሳያመው አይቀርም፣ በእሱ አያስተኙት» አለች።
ነርሷ እኔ፣ አላየሁትም ነበር።

እሱባለው ጣቷን፣ ያቺን ማጭድ የፈረማት አመልካች፣
በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ያዘ። እሷም አላስለቀቀች።
ከቀዩ ጥያቄ ጎን የልጄን ስም ጻፍኩ።

ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ጋውኔን ደርቤ ወጣሁ፤
ከአጥሩ በር ተመልሼ፣ ከደብተሩ ቅጠል ቀድጄ፣
«ደሞዝሽ በየወሩ፣ በአምስት» ብዬ ፈርሜ ሰጠሁ።
ማንበብ አትችልም።
አጣጥፋ ከመቀነቷ ሸጎጠችው።

ረፋዱ ላይ፣ ዘጠነኛው አልጋ፣ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ፤
ጡቴ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀም።
ጋውኔ ረጠበ።